ናልባንዲያን ማለት የማን ልጅ ማለት ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ቅጽ ነው። ማናችንም ብንሆን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሞላው የኖርነው ቅጽ፤ «ሙሉ ስም ከነአያት»። ትምህርት ቤት ስንመዘገብ፣ መታወቂያ ስናወጣ፣ ፈተና ስንቀመጥ ሦስት ስም እንጽፋለን። ሦስተኛውን ስም ስንጽፍ ግን ስለ ሰውየው አናስብም። እኔም አላስብም ነበር። አያቴን አላውቃቸውም። ከሰሜን ሸዋ መጥተው፣ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በምንለው አካባቢ ከቄራ ወደ ጎፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ሠርተው፣ እዚያው እንደ ሞቱ ብቻ ነበር የማውቀው። «ምን ይሠሩ ነበር?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር የማገኘው መልስ «ገበሬ ነበሩ» የሚል ነው። ቄራ አጠገብ ተቀምጠው ምን ያርሱ ነበር ብዬ አለመጠየቄ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ የሌላ ሰው ስም የሄደበትን መንገድ ላውጋችሁ።

ባለፈው መንፈቅ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ሳነብ አንድ ስም ደጋግሞ ዐይኔ ውስጥ ገባ፤ ናልባንዲያን። አንደኛው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እስከ አብዮቱ ድረስ ሲዘመር የነበረውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው። ሁለተኛው የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ የመራ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ኦርኬስትራ ያሠለጠነ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው። ሁለቱም አርመኖች ናቸው። ይህን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ግን ናልባንዲያን ምን ማለት ነው? ስሙስ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል አዲስ አበባ ገባ?

ስሙን ስንፈታው ሦስት ቋንቋ እናገኝበታለን። «ናል» በዐረብኛ ጫማ ነው፤ ለሰውም ለፈረስም ይሆናል። «ባንድ» በፋርስኛ ማሰርና ማያያዝን ያመለክታል። ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው ወደ ቱርክኛ ገቡና ለፈረስና ለበቅሎ ኮቴ የብረት ጫማ የሚመታውን ባለሙያ «ናልባንት» አሉት። መጨረሻ ላይ የተቀጠለችው «ያን» ደግሞ አርመንኛ ናት፤ «የእገሌ ወገን፣ የእገሌ ልጅ» ማለት ነች። እንግዲህ ናልባንዲያን ማለት በቀጥታው አማርኛ «የፈረስ ጫማ መቺው ልጅ» ማለት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ታዲያ አንድ አርመን እንዴት በዐረብኛ፣ በፋርስኛና በቱርክኛ ሙያ ይጠራል? ነገሩ ከአገሩ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በጥንቱ የአርመን ምድር የቤተሰብ ስም የነበራቸው መሳፍንቱ ናቸው፤ ማሚኮኒያን፣ ባግራቱኒ፣ አርጽሩኒ የሚባሉት ታላላቅ ቤቶች። ተራው ሕዝብ የራሱ ስም ይበቃው ነበር፤ ሲያስፈልግ የአባቱ ስም ይጨመርለታል። በኋላ በኦቶማን መንግሥት ከተሞች የተቀመጠው አርመን ግብር ሲጻፍበት፣ ሲከራከር፣ ሲነግድ፣ ካንዱ ሃኮብ ሌላውን ሃኮብ መለየት አስፈለገ። የሚለየውም በሙያው ሆነ፤ ሙያው ደግሞ በገበያው ቋንቋ ተጠራ። የናልባንዲያኖች ከተማ አይንታብ ትባላለች፤ ዛሬ በደቡብ ቱርክ ያለችው ጋዚያንቴፕ ናት። ከሐለብ ወደ ሰሜን በሚወጣው የንግድ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ፈረስና በቅሎ በሚበዛበት እንዲህ ባለ ቦታ የኮቴ ብረት የሚመታ ሰው ሥራ አያጣም። የአይንታብ አርመኖች አብዛኛዎቹ ቤታቸውም ውስጥ ሳይቀር ቱርክኛ ይናገሩ ነበር። ስለዚህ ሙያው በቱርክኛ ተጠራ፤ ልጅነቱ ግን በአርመንኛ ቀረ።

ይህ በአንድ ቤተሰብ ብቻ የደረሰ አይደለም። አዲስ አበባ የምታውቃቸውን ሌሎች አርመኖች ስም ብንፈታ ያው ሆኖ እናገኘዋለን። ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተሰብ ስሙ «የቀለም ነካሪው ልጅ» ነው። በእንፋሎት የሚሄደውን የመንገድ መዳመጫ አዲስ አበባ ያስገባው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ደግሞ «የልብስ ሰፊው ልጅ» ይባላል። ፎቶግራፍ አንሺው የቀለም ነካሪ ልጅ፣ መሣሪያ ነጋዴው የልብስ ሰፊ ልጅ፣ የሙዚቃ መምህሩ የፈረስ ጫማ መቺ ልጅ ተብለው ሲጠሩ ኖሩ። ልጆቹ ሙያቸውን ቀየሩ፤ የአያታቸውን ሥራ ግን ከስማቸው ላይ አልፋቁትም።

በዓለም ላይ ሌሎችም ሕዝቦች በዚህ መንገድ አልፈዋል። ስኮትላንድን እንመልከት። እዚያ «ማክ» ማለት እንደ አርመኑ «ያን» ልጅ ማለት ነው። ማክጎዋን የሚባለው የቤተሰብ ስም በጌልኛ «የብረት ቀጥቃጩ ልጅ» ነው። ሰሜን ደጋው ላይ ግን የአባት ስም በየትውልዱ ይቀያየር ነበር፤ ልክ እንደ እኛ። በሼትላንድ ደሴቶች ይህ ልማድ እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት ዘልቋል። ማርሻል የሚባለውም የቤተሰብ ስም መነሻው ፈረስ ጋጣ ነው፤ በጥንቱ የጀርመን ቋንቋ «የፈረስ አገልጋይ» ማለት ነበር። ያው ቃል በቤተ መንግሥት በኩል ወጥቶ የጦር ማዕረግ ሆነና ዛሬ ፊልድ ማርሻል እንላለን። አስቡት እንግዲህ፤ የመጨረሻው የጦር ማዕረግ የፈረስ አሽከር ስም ነው!

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር አለብኝ፤ ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይጠቅማል። የሙያ ስም ዝምድናን አያረጋግጥም። ሚካኤል ናልባንዲያን የሚባል ገጣሚ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1829 የተወለደው በኖር ናኺጄቫን ነው፤ ዛሬ የሩሲያዋ ሮስቶቭ ከተማ አካል ሆናለች። ያችን ከተማ የቆረቆሯት ታላቋ ካትሪን እ.ኤ.አ. በ1779 ገደማ ከክሪሚያ አንሥታ ያሰፈረቻቸው አርመኖች ናቸው። ሚካኤል የዛርን አገዛዝ በመቃወሙ ፒተርስበርግ ታስሮ፣ ከዚያም ተግዞ እ.ኤ.አ. በ1866 ሞተ። በግጥሙ ላይ የተመሠረተው ቃል እ.ኤ.አ. በ1918 ለመጀመሪያይቱ የአርመን ሪፐብሊክ፣ ከ1991 ወዲህም ለዛሬይቱ አርመን ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። አንድ ናልባንዲያን ለአርመን መዝሙር ቃል ሰጠ፤ ሌላ ናልባንዲያን ለኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ ሰጠ። ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ለማለት አያበቃንም። የአንዱ አያት በክሪሚያ፣ የሌላው አያት በአይንታብ ፈረስ ቢያጫሙ በየፊናቸው ናልባንዲያን ይሆናሉ። ፈረስ ባለበት ሁሉ ናልባንድ አለ። ስሙ የሥራ እንጂ የደም ምስክር አይደለም።

አሁን ወደ አይንታቡ ቤተሰብ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1915 የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከቀያቸው እየነቀለ ወደ ሶርያ በረሃ ነዳቸው። ቍጥሩ እጅግ ብዙ የሆነ ሕዝብ በመንገድና በምድረ በዳ አለቀ። የተረፈው ወደ ሐለብ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ተበተነ። ነርሲስ የተወለደው በዚያው በ1915 ነው። ያደገውም ሐለብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1924፣ ማለትም በ1916 ዓ.ም.፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ገቡ። በአርመኖቹ የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲቀበሏቸው ሰሙ። ከፓትርያርኩ ጋር ተስማምተው አርባ ልጆች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። በዓመቱ ማለቂያ፣ በጳጉሜን፣ አዲስ አበባ ደረሱ። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ። ልጆቹ እናት አባት አልነበራቸውም፤ አገርም አልነበራቸውም። ሰንደቅ ዓላማና ዙፋን ላለው አገር ግን የክብር ሙዚቃ ይነፉ ጀመር። ኬቮርክም ዜማውን ደረሰ፤ ቃሉ የዮፍታሔ ንጉሤ እንደሆነ ይነገራል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጭኑ መዝሙሩ ተመታ።

ነርሲስ የአጎቱን መንገድ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ገባ። ጊዜው የጣልያን ወረራ ጊዜ ነበር። ከነጻነት በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1977 ድረስ፣ እዚሁ ኖረ፤ ኢትዮጵያዊ ዜግነትም ወሰደ። ከእሱ እጅ የወጡት የሙዚቃ ሰዎች ናቸው በኋላ የምንወደውን የከተማ ሙዚቃ ያቀኑት።

በዚህ መካከል አይንታብ ምን ሆነ? ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1934 የቤተሰብ ስም ሕግ አወጣች። ዜጋ ሁሉ የቤተሰብ ስም ይያዝ ተባለ፤ «ያን»ን የመሰሉ የባዕድ ቅጥያዎች ግን እንዳይኖሩበት ተከለከለ። ከጥፋቱ ተርፎ አገሩ የቀረ አርመን «ያን»ን ቈርጦ ጣለ ማለት ነው። የሚገርመው ነገር እዚህ ላይ ነው። የስሙ መነሻ በሆነው አገር «የናልባንድ ልጅ» በአርመንኛ መባል ሲከለከል፣ ስሙ ሳይሸራረፍ የኖረው ማንም ትርጉሙን በማያውቅበት አዲስ አበባ ነው። በስኮትላንድም ይህን የመሰለ ነገር ደርሷል፤ ማክግሬጎር የተባለው ስም እ.ኤ.አ. በ1603 በሕግ ታግዶ፣ እገዳው ፈጽሞ የተነሣው በ1774 ነው። ባለሥልጣን አንድን ወገን ማጥፋት ሲፈልግ እጁን ከሚዘረጋባቸው ነገሮች አንዱ ስም ነው። ስም ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ማንም ሕግ አያወጣበትም ነበር።

እኛ ግን ስሙን በምን ተቀበልነው? እንደ ባህላችን ነዋ! ያዲስ አበባ ሰው ፈረንጁንም አርመኑንም «ሙሴ» ብሎ በራሱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተሰብ ስም አይገባውም። የቴርዚያንን መኪና «የሰርኪስ ባቡር» አለው፤ ልብስ ሰፊው አያት ከስሙ ወጡ፣ ሰርኪስ ብቻ ቀረ። ከራስ መኰንን ድልድይ ወዲያ ያለውን መንደር «አርመን ሰፈር» አለው። ሺሕ አልፈው የነበሩት አርመኖች ከ1967ቱ የቤትና የድርጅት ውርስ በኋላ አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራልያ ሄዱ። ከናልባንዲያን ጋር የመጣው «ያን» እንደገና ሻንጣውን አነሣ። ጥቂቶቹ ግን ዛሬም አሉ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ቅዱስ ጊዮርጊስም አለ።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ የሰው ታሪክ ነው። የእኛስ?

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም እንላለን። በወረቀት ላይ ግን አለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32ን ብትከፍቱ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስምና የአባት ስም አለው ይላል። ረቂቁን ያዘጋጁት የፈረንሳዩ የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕግ ሆኖ ታወጀ፤ ሕዝቡ ግን በልማዱ ቀጠለ። ስሜ፣ አባቴ፣ አያቴ፤ ከዚያ በላይ የለም። ልጅ ስወልድ አያቴ ከወረቀቱ ላይ ወድቀው አባቴ ወደ ሦስተኛው ቦታ ይወርዳሉ። በእያንዳንዱ ልደት አንድ ሰው ከመዝገብ ይወጣል።

«ግን እኮ ሰባት ቤት እንቈጥራለን» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በጋብቻ ጊዜ ዝምድና እንዳይገናኝ እስከ ሰባት ትውልድ ይቈጠራል። ሽማግሌዎቻችን ከማንኛውም መዝገብ ቤት ይበልጣሉ። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ሲቈጥሩ የሚጠይቁት ዝምድናን ብቻ አልነበረም። «ከነማን ወገን ነው? ንጹሕ ነው? ቀጥቃጭ የለበትም?» ይሉ ነበር። አሁንም ቢሆን ይህ ጥያቄ ፈጽሞ ጠፍቷል የሚል ካለ፣ አገር ቤት ሄዶ የአንድ ቀጥቃጭን ልጅ ለወንድሙ ጠይቆ ይሞክር።

እዚህ ጋ ነው ናልባንዲያን የሚለው ስም ልቤን የነካው። ለመሆኑ እኛ አገር ከፈረስ ስም የወሰደ ሰው የለም ወይ? አለ እንጂ! መሳፍንቱና መኳንንቱ ሁሉ የፈረስ ስም ነበራቸው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። በፈረሱ ስም ተፎከረ፣ ተሸለለ፣ ተገጠመ። እነዚያ ፈረሶች የጐረሱትን የብረት ልጓም የሠራ ማን ነው? እርካቡን የቀጠቀጠ፣ የጦሩን ምላስ ያወጣ ማን ነው? አይታወቅም። በአይንታብ የፈረሱን ጫማ የመታው ሰው ስሙን ለልጅ ልጆቹ አወረሰ። በኛ አገር ደግሞ የፈረሱ ስም ለጌታው ሆነ፤ ብረቱን የቀጠቀጠው ግን ስም አልወጣለትም።

ስም አልወጣለትም ስል ተሳስቻለሁ፤ ወጥቶለታል። ጣይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ፣ ቁጢት በጣሽ ተብሏል። የሙያ ስም በኛም ነበረ ማለት ነው፤ የሚጠሩበት ግን ጎረቤቶቹ ናቸው፣ ለስድብ። ባለቤቱ ሊጠራበት አልቻለም። በብዙ ቦታም ርስት አልነበረውም፤ ማረሻውን የሚሠራለት ገበሬ ያርሳል፣ እሱ ግን የሚያርሰው መሬት የለውም። ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ሰው ሲታመም እሱ በላው ተባለ። የአርመን የልብስ ሰፊ ልጅ ቴርዚያን ተብሎ ቤተ መንግሥት ሲገባና ሲወጣ፣ የእኛው ባለሙያ በገዛ አገሩ ተደብቆ ይሠራ ነበር።

ነገሩ ለአፄ ምኒልክም ጠፍቷቸው አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ብረት የሚሠራውን፣ የሚሸምነውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ የሚጽፈውን ሳይቀር። ባለሙያዎችንም ሰብስበው ከቤተ መንግሥት ሥራ ጋር አገናኝተዋል፤ ሠራተኛ ሰፈር የሚለው ስም ዛሬም ምስክር ነው። እንግዲህ በአንድ በኩል የቱርክ ሕግ ስምን ከለከለ፤ በሌላ በኩል የምኒልክ አዋጅ ስድብን ከለከለ። ሁለቱም ምን ያህል ፍሬ አፈሩ ብንል፣ ሕግ ከወረቀት ላይ ስምን ሊፍቅ እንደሚችል፣ ከሰው አፍ ላይ ግን ስድብን ለመፍቅ አዋጅ ብቻ እንደማይበቃ እናያለን። በ1967ቱ አዋጅ መሬት ላራሹ ሲሆን ቀጥቃጩም መሬት ሊያገኝ ቻለ። የተናቀበትን ስም ግን ማንም አልወረሰለትም፣ ማንም አላነሣለትም።

አሁን ወደ አያቴ ልመለስ።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። ቡና እያፈላች ሳለ ይህንኑ የአርመኖቹን ስም ነገር እንደ ጨዋታ አነሣሁላት። የፈረስ ጫማ መቺው ልጅ፣ የቀለም ነካሪው ልጅ እያልኩ ስዘረዝር ሳቀች። ትንሽ ቆየችና «እንዲያ ከሆነማ የኛም አባት ስም አይጠፋለትም ነበር» አለች። ምን ማለትሽ ነው ብላት ዝም አለች። ጀበናውን ከምድጃ አንሥታ እስኪሰክን ጠበቀች። ከዚያ ነገረችኝ።

አያቴ ገበሬ አልነበሩም። ቀጥቃጭ ነበሩ። አገራቸው ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ታናሽ እኅታቸውን ለመዳር ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሲታወቅ የወንዱ ወገን ጥሎ ሄደ። አያቴም ወናፋቸውንና መዶሻቸውን ጭነው፣ እኅታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። እዚህ ማን ያውቃቸዋል? ከቄራ አቅራቢያ ተቀምጠው የሥጋ ቢላዋና መጥረቢያ መሥራትና መሳል ያዙ። ሠፈሩ «ባለ ቢላዋው» ይላቸው ነበር አለች። ልጆቻቸውን ግን ወናፍ አጠገብ አላስቀረቡም። «አባታችሁ ምንድን ነው ያላችሁ እንደሆነ ገበሬ በሉ» ብለው መከሩ። አባቴ እስከ ዛሬ እንዲሁ ይላሉ። ምክሩን ጠበቁ።

«አንተም ለሰው አታውራ» አለችኝ አክስቴ መጨረሻ ላይ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ነበርን። እሺ አልኳት። ቃሌን ሳልጠብቅ ይኸው ጻፍኩት። ጽሑፉን ከመስጠቴ በፊት ግን አባቴ ዘንድ ሄጄ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ስላወቅሁት ነገር ምንም አላሉም። አንድ ነገር ብቻ አረሙኝ፤ «መጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ ምሳርም ይሠራ ነበር» አሉ።

ጓደኞቼ፣ የቤተሰብ ስም ይኑረን ወይስ አይኑረን የሚለውን ክርክር ለመክፈት አይደለም ይህን የጻፍኩት። የእኛ አጠራር የራሱ ደግነት አለው፤ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ ሴትም አግብታ የባሏን ስም አትለብስም። ደግሞም ሳንፈልገው እየመጣ ያለ ነገር አለ። ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሄዱ ወገኖቻችን ፓስፖርታቸው ላይ ያለው የአያት ስም «ላስት ኔም» ሆኖባቸዋል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በዚያ ስም ይቀራሉ። አንድ ጊዜ ከዚህ የሄደ ሰው አያት፣ በዋሽንግተን ለዘለዓለም አያት ሆነው ይኖራሉ ማለት ነው። አርመኖቹ በአይንታብ ገበያ ያለፉበትን በር እኛ አሁን በቦሌ በኩል እያለፍንበት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የአንድ አበበ ወይም የአንድ ደስታ የልጅ ልጅ ልጅ «ይህ ስም ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያገኘው መልስ አሁን እኛ በምንጽፈው ይወሰናል። ስሙን ያገኘዋል፤ ሰውየው ምን ይሠራ እንደነበረ ግን ስሙ አይነግረውም። ያንን ካልጻፍንለት «ገበሬ ነበር» የሚል መልስ ብቻ ይደርሰዋል።

ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች የነገሥታቱን የፈረስ ስም በቃላችን እናውቃለን። ፈተናም ይወጣብናል። እስቲ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንሄድ ከነገሥታቱ ስም ወረድ ብለን፣ በቅጹ ላይ ሦስተኛ ስለምንጽፈው ሰው አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ምን ይሠሩ ነበር? «ገበሬ» የሚል መልስ ስናገኝ ቶሎ አንመን። እውነትም ገበሬ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አብዛኛው ሕዝባችን ገበሬ ነውና። ነገር ግን ቡናው እስኪሰክን እንጠብቅ።

እኔ ለራሴ ቅጹን እንደ ወትሮው እሞላለሁ፤ ስሜን፣ አባቴን፣ አያቴን። ሌላ መጻፊያ ቦታ የለውም። እዚህ መጽሔት ላይ ግን ቦታ ስላገኘሁ ልጻፈው፤ የቀጥቃጩ የልጅ ልጅ ነኝ።